ኒው ኦርሊንስ ስትሄዱ የት ይበላል፣ ምንስ ይጠጣል? አሳማ ለማይበሉ፣ ለሚጾሙና ከነቤተሰብ ለሚጓዙ የተዘጋጀ መመሪያ

ከሂዩስተን ተነስቶ በአይ-10 አውራ ጎዳና ኒው ኦርሊንስ ለመግባት ስድስት ሰዓት ገደማ ይነዳል፤ ከአትላንታ ሰባት ሰዓት። ስለዚህ በነዚህ ከተሞች የሚኖር ሐበሻ ረዘም ያለ የዕረፍት ቀን ባገኘ ቁጥር ቤተሰቡን ጭኖ ወደዚያ ያቀናል። ቡርቦን ጎዳና ላይ ይውላል፣ ፊት ለፊቱ ያገኘው ቤት ገብቶ ይበላል፣ «ምግባቸው ጨውና ቅባት ብቻ ነው» ብሎ ይመለሳል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ነው የተመለስኩት። አሁን ሰው እንዲህ ሲል ስሰማ ይቆጨኛል። አሜሪካ ውስጥ የኛን ያህል ቀን እየቆጠረ የሚበላ ከተማ ከኒው ኦርሊንስ ሌላ አላየሁም። ሰኞ የሚበላው የታወቀ ነው። ከጾም በፊት ቅበላ አለ። ለጸሎተ ሐሙስ ራሱን የቻለ ወጥ ይሠራል። ቀኑን ያወቀና ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ ሰው እዚያ ከተማ ጥሩ ይበላል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ የምትሄዱበትን ወቅት ምረጡ

ጥር 6 ቀን የሰብአ ሰገል በዓላቸው ነው፤ የኛ ገና አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይውላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ኪንግ ኬክ» የሚባል፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ፣ በሐምራዊ፣ በአረንጓዴና በወርቃማ ስኳር ያሸበረቀ ጣፋጭ ዳቦ ይሸጣል። ውስጡ ትንሽ የሕፃን አሻንጉሊት አለ። ቁራሹ ውስጥ ያገኘው ሰው ቀጣዩን ኬክ ይገዛል፤ ስለዚህ ለልጆች ስትቆርሱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እንዳይውጡት። ኬኩ እስከ ማርዲ ግራ ድረስ ብቻ ነው የሚበላው። ማርዲ ግራ ማለት ደግሞ የነሱ ቅበላ ነው። ጾማቸው የሚገባው ረቡዕ ነውና ዋዜማው ማክሰኞ የሰቡ ነገሮች ሁሉ ተበልተው የሚያልቁበት ቀን ነው። በዚያ ሳምንት ከተማው ይጨናነቃል፣ የሆቴል ዋጋ ሰማይ ይነካል። ዋና ዓላማችሁ ምግብ ከሆነ በዚያ ሳምንት አትሂዱ።

የኔ ምርጫ መጋቢትና ሚያዝያ ነው። አየሩ አይከብድም፣ ክራውፊሽ የሚባለው ትልቅ ሽሪምፕ መሳይ የወንዝ እንስሳም በብዛት የሚገኘው ያኔ ነው። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ የጃዝ ፌስቲቫሉ አለ፤ ከሙዚቃው እኩል ለምግቡ ብሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ነሐሴ በጣም ይሞቃል፣ አየሩም እንደ እርጥብ ጋቢ ይጠመጠማል፤ ይሁን እንጂ ጎብኚ ስለሚቀንስ ትልልቅ ምግብ ቤቶች በቅናሽ የተወሰነ ዋጋ ምሳና እራት ያቀርባሉ።

የሳምንቱን ቀንም አስቡበት። ከቻላችሁ ቅዳሜ ገብታችሁ ማክሰኞ ጠዋት ውጡ፣ ሰኞ እንዳያመልጣችሁ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛ፦ ማን ምን እንደማይበላ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ

ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ሽሪምፕ ይፈልጋሉ፣ እናት ቅርፊት የሌለውን አሳ አትነካም፣ አንዱ ጾም ይዟል፣ አንዱ ሙስሊም ነው። ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ መከራከር ግን ያደክማል።

መጀመሪያ የአሳማን ስሞች እወቁ፤ በምግብ ዝርዝሩ ላይ «ፖርክ» ተብሎ የማይጻፈው ይበዛልና። «አንዱዊ» በጭስ የበሰለ የአሳማ ቋሊማ ነው፤ ጋምቦ የሚባለው ወጣቸውና ጃምባላያ የሚባለው የሩዝ ምግባቸው ውስጥ በብዛት ይገባል። «ታሶ» በቅመም ታሽቶ የተጨሰ የአሳማ ትከሻ ነው። «ቡዳን» ሩዝና አሳማ የተሞላበት ቋሊማ ነው። «ፒክል ሚት» በኮምጣጤና በጨው የተዘፈዘፈ አሳማ ሲሆን ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ይጨመራል። «ሃም ሆክ» የአሳማ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ጎመን ሲቀቀል አብሮ ይከተታል።

ይህን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ የባለቤቴ እህት አብራን ነበረች። አንድ ቤት ገብተን ቀይ ቦሎቄ አዘዝንላት፣ «ቦሎቄ ነው፣ ሥጋ የለውም» ብዬ እኔው ራሴ አረጋገጥኩላት። ከላይ ሲያዩት ቦሎቄና ሩዝ ብቻ ነበር። ግማሹን ከበላች በኋላ ማንኪያዋ ላይ ሮዝ ቁራጭ ወጣ። ማንኪያዋን አስቀምጣ ዝም አለች፣ ቀኑን ሙሉም ሌላ ነገር አልቀመሰችም። ጥፋቱ የቤቱ አልነበረም፤ እነሱ እንዲሁ ነው የሚሠሩት፣ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከማዘዜ በፊት አስተናጋጁን ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ውስጡ አሳማ አለ ወይ? መረቁስ ከምንድን ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። አስተናጋጁ ካላወቀ ወጥ ቤት ሄዶ እንዲጠይቅ በትሕትና ለምኑት። የዚያ ከተማ ሰው ስለ ምግብ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ ፊቱን አያጠቁርም።

ከአሳ ወገን ካትፊሽ የኛው አምባዛ ዘመድ ነው፣ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት ያለው ብቻ ለሚበላ ሬድፊሽ፣ ስፔክልድ ትራውት፣ ስናፐር እና ድረም አሉ። የተጠበሰ ነገር ስታዙ ደግሞ ዘይቱን ጠይቁ፤ ዶሮው፣ ሽሪምፑና አምባዛው በአንድ ዘይት የሚጠበሱበት ቤት ብዙ ነው። ቤተሰባችሁ ውስጥ ሽሪምፕና ሸርጣን አለርጂ የሚሆንበት ሰው ካለ ይህ ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም።

ሦስተኛ፦ መኪናችሁን አቁሙና በስትሪትካር ሂዱ

ፍሬንች ኳርተር በሚባለው አሮጌው የከተማው ሰፈር ውስጥ መኪና ማቆሚያ ውድ ነው፣ መንገዱም ጠባብ ነው። መኪናውን ሆቴል ትታችሁ በእግርና በስትሪትካር ተንቀሳቀሱ። የሴይንት ቻርልስ መስመር አረንጓዴው ሐዲድ ባቡር ከ1835 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ የአንድ ጊዜ ጉዞ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በትልልቅ የዋርካ መሳይ ዛፎች ሥር እያለፈ ወደ ጋርደን ዲስትሪክት ይወስዳችኋል።

አራተኛ፦ ጠዋት ቤኜ ብሉ፣ ቡናውን ግን በትዕግሥት ቅመሱ

ካፌ ዱ ሞንድ ከ1862 ጀምሮ ፍሬንች ማርኬት አጠገብ፣ ዲኬተር ጎዳና ላይ አለ። ቤኜ የሚባለውን ይሸጣል፤ ቦምቦሊኖ የበላ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። አራት ማዕዘን ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ይቀርባል፣ ላዩ ላይ የስኳር ዱቄት እንደ አመድ ይነሰነሳል። ስትነክሱ አትተንፍሱ፤ ስኳሩ አፍንጫ ውስጥ ይገባል ወይም ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ልብስ ላይ ያርፋል። ጥቁር ልብስ አትልበሱ። ወተት ስላለው የጾም አይደለም። ጠዋት በማለዳ ወይም ማታ ከራት በኋላ ከሄዳችሁ ሰልፉ ያጥራል።

ቡናው ከቺኮሪ ጋር የተደባለቀ ነው። ቺኮሪ የአንድ ተክል ሥር ተቆልቶና ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነው። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ፣ ከ1861 እስከ 1865፣ ወደቡ ሲዘጋ ቡና ጠፋና ሰዉ ያለችውን ለማብቃቃት ቺኮሪ ይቀላቅል ጀመር፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ጣዕሙን ለምዶት ቀረ። ለኛ አፍ ብቻውን ይመራል፣ ትንሽም የተቃጠለ እንጨት ይላል። እንደነሱ ግማሽ በግማሽ በትኩስ ወተት አዙት፤ ከቤኜው ስኳር ጋር ነው የሚስማማው። ጀበና ጠብቆ የገባ ሰው ቅር ይለዋል፣ ሌላ መጠጥ ነው ብሎ የቀመሰው ግን ይወደዋል።

አምስተኛ፦ ምሳ ፖቦይ ይሁን

በ1929 የከተማው የስትሪትካር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ማርቲን የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ራሳቸውም ቀድሞ በስትሪትካር የሠሩ፣ ሳንድዊች ቤት ነበራቸውና አድማ የመታውን ሠራተኛ በነፃ እናበላለን አሉ። አንድ ሠራተኛ በበሩ ብቅ ባለ ቁጥር «ሌላ ምስኪን ልጅ መጣ» ይሉ ነበር ይባላል፤ «ፑር ቦይ» በነሱ አነጋገር ፖቦይ ሆነ። ዳቦው ረጅም፣ ላዩ የሚሰባበር፣ ውስጡ እንደ ጥጥ የሚለሰልስ ነው።

ስታዙ «ድረስድ?» ብለው ይጠይቋችኋል። ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ የተዘፈዘፈ ኪያርና ማዮኔዝ ይግባበት ወይ ማለታቸው ነው። አዎ በሉ። ለአሳማና ለሽሪምፕ ጾመኛው ሁነኛ ምርጫ የበሬ ሥጋው ፖቦይ ነው፤ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ በራሱ መረቅ የራሰ ነው፣ እጅ ላይ ይንጠባጠባል። ሚድ-ሲቲ ያለው ፓርክዌይ ጥሩ ይሠራዋል። መሀል ከተማ ፖይድራስ ጎዳና ላይ ያለው ማዘርስ ደግሞ «ደብሪ» የሚሉትን፣ ሲጠበስ ከበሬው ሥጋ እየተፈረፈረ መረቁ ውስጥ የወደቀውን፣ በዳቦ ይሰጣል። የድስት ሥር ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ግማሽ መጠን ይበቃል፤ ሙሉው ለሁለት ሰው ነው።

ሙፉሌታ የሚባለው የጣልያኖቹ ክብ ሳንድዊች በአሳማ የተሞላ ስለሆነ ለብዙዎቻችን አይሆንም።

ስድስተኛ፦ ጋምቦን ከመብላታችሁ በፊት ሲሠራ እዩት

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በነበረ ጊዜ ሴይንት ሉዊስ ጎዳና ላይ ያለ የምግብ ማብሰያ ትምህርት ቤት ይዣት ገባሁ። እዚያ አብሳይዋ ፊት ለፊት እየሠራችና እየተረከች ታሳያለች፣ ተመልካቹ ተቀምጦ ያያል፣ መጨረሻ ላይ ይበላል። ሴትየዋ ዘይትና ዱቄት ድስት ውስጥ ጨምራ ታማስል ጀመር። ነጭ ነበር፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ኦቾሎኒ፣ በመጨረሻም እንደ ተቆላ ቡና ጠቆረ። እጇ አላረፈም። እናቴ ጎንበስ ብላ «ቁሌቷ ዱቄት ነው እንዴ?» አለችኝ። ቀጥላም ሴትየዋ ለማውራት ቀና ባለች ቁጥር «እንዳያርባት፣ አታቋርጪው በላት» እያለች አስጨነቀችኝ። ሽንኩርት፣ ሰለሪና አረንጓዴ ቃሪያ ሲገባበት የወጣው ሽታ ቤቱን ሞላው፣ እናቴም ዝም አለች።

ይህ የተቁላላ ዱቄት «ሩ» ይባላል፣ የፈረንሳዮች ነው። ጋምቦ የሚለው ስም የመጣው አፍሪካውያን ባሚያን ከሚጠሩበት ቃል ነው፤ ባሚያውም ሆነ ስሙ በባርነት ከተወሰዱ ሰዎች ጋር ነው እዚያ የደረሰው። «ፊሌ» የሚባለው ማወፈሪያ ዱቄት ደግሞ የሀገሩ ነባር ሕዝቦች የቾክቶዎች ነው፤ ከሳሳፍራስ ቅጠል ይፈጫል። በአንድ ድስት ሦስት ሕዝብ አለ።

ችግሩ የሚታዘዘው ላይ ነው። የባሕሩ ጋምቦ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ኦይስተር ነው። የዶሮው ጋምቦ ውስጥ አንዱዊ አለ። ሁለቱንም የማይበላ ሰው ቋሊማ የሌለው የዶሮ ጋምቦ ካለ ይጠይቅ፤ ሁልጊዜ ባይገኝም አንዳንዴ ይገኛል። ካጣችሁ ቤታችሁ ሥሩት፤ ቁሌት የለመደ እጅ ሩ አያቅተውም።

ለጋምቦ አንድ ቤት ምረጥ ብትሉኝ ትረሜ ሰፈር አጠገብ፣ ኦርሊንስ አቬኑ ላይ ያለውን ዱኪ ቼስን እላለሁ። በ1941 የተከፈተ የጥቁር አሜሪካውያን ቤት ነው። ሊያ ቼስ የምትባል ባልቴት እስከ 2019፣ በ96 ዓመቷ እስካረፈችበት ድረስ፣ ወጥ ቤቱን መርታለች። ነጭና ጥቁር በአንድ ገበታ መቀመጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን የመብት ታጋዮቹ እዚያ ፎቅ ላይ ተሰብስበው እየበሉ ይመክሩ ነበር፤ ማርቲን ሉተር ኪንግም በልቶበታል። በጸሎተ ሐሙስ ቀን «ጋምቦ ዜርብ» የሚባል፣ ከብዙ ዓይነት ጎመንና ቅጠላ ቅጠል የሚሠራ አረንጓዴ ጋምቦ ያቀርባሉ። እኛ በዚያ ቀን ጉልባን እንደምንቀቅል እነሱም ያችን ቀን በቅጠል ነው የሚያስቧት። የዚህ ቤት ግን ሥጋም ስለሚገባበት የሚጾም ሰው እንዳይሳሳት። የነሱና የኛ ፋሲካ በአንድ ቀን በሚውልበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2025 እንደሆነው፣ ሁለቱ ሐሙሶች ይገጥማሉ። ለዚያ ቀን ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፦ ሰኞ ቀይ ቦሎቄ

ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነበር። ሴቶቹ ውሃ ሲያሞቁና ሲያሹ ስለሚውሉ፣ የእሑድን አጥንት ከቦሎቄ ጋር እሳት ላይ ጥደው ይተዉታል፤ ልብሱ እስኪሰጣ ቦሎቄው ይበስላል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከመጣ ስንት ጊዜው ነው፣ ከተማው ግን ዛሬም ሰኞ ቦሎቄ በሩዝ ይበላል። በጃዙ የታወቀው ሉዊ አርምስትሮንግ ደብዳቤውን ሲጨርስ ስለ ቦሎቄና ሩዝ ጽፎ ይፈርም ነበር። ጥሩ የተሠራ እንደሆነ ግማሹ ቦሎቄ ይፈርሳል፣ ወጡ እንደ ሽሮ ይወፍራል፣ ሩዙ ላይ ሲፈስ አይሮጥም። አሳማ የሌለበትን ለማግኘት የአትክልት ምግብ የሚሠሩ ቤቶችን ፈልጉ፤ ሰኞ ከሆነ እነሱም ያበስሉታል። ብዙ የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ሰኞና ማክሰኞ ስለሚዘጉ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ስምንተኛ፦ አንድ ቀን ለብሳችሁ ውጡ

ገንዘባችሁን አጠራቅማችሁ አንድ ጊዜ ደህና ቤት ግቡ። ጋርደን ዲስትሪክት ያለው ኮማንደርስ ፓላስ ቁምጣ ለብሶ የመጣ አያስገባም፤ ምሳ ሰዓት ከራት ይረክሳል፣ መስተንግዶው ግን አንድ ነው። ታዋቂው ሾርባቸው የኤሊ ነው፣ ለማንበላው አይሆንም። አሳቸውና የዳቦ ፑዲንጋቸው ይበቃችኋል። ፑዲንጉ ላይ የሚፈሰው ሶስ ውስኪ አለበት፤ አልኮል ለማይነካ ሰው ለይተው እንዲያመጡ ንገሯቸው። ቡርቦን ጎዳና ላይ ከ1905 ጀምሮ ያለው ጋላትዋር ደግሞ ትራውቱን በቅቤና አልመንድ በሚባለው ለውዝ ይሠራዋል፤ ቅርፊት ያለው አሳ ነው፣ እናቴ ሳህኑን ጨርሳለች። ዓርብ ምሳ የከተማው ሰው ለብሶ ሰዓታት የሚቀመጥበት ቤት ስለሆነ ያን ቀን ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ዶሮ ጥብስ የፈለገ ከ1957 ጀምሮ ያለውን ዊሊ ሜይስ ይጠይቅ። የዶሮው ቆዳ ሲነከስ ድምፅ አለው።

ክራውፊሽ የሚበላ ደግሞ በፓውንድ ያዝዛል። ከድንችና ከበቆሎ ጋር በአንድ ድስት ይቀቀላል፣ ጋዜጣ ወይም ትሪ ላይ ይዘረገፋል፣ ሁሉም ከቦ በእጁ ይበላል። ከአንድ ትሪ መብላት ለኛ ማን ሊያስተምረን። በርበሬው ጣት ላይ ስለሚቀር ዓይናችሁን አትንኩ። ጥሬ ኦይስተር ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ የጉበት በሽታ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ጥሬውን አይብላ፣ የበሰለውን ይምረጥ።

ዘጠነኛ፦ መጠጥና ምሽት

በዚህ ከተማ መጠጥ በፕላስቲክ ኩባያ ይዞ መንገድ ላይ መሄድ ይፈቀዳል። ከመጠጥ ቤት ስትወጡ «ጎ ካፕ» ብትሉ ይገለብጡላችኋል፤ ጠርሙስና ብርጭቆ ይዞ መውጣት ግን ክልክል ነው። ዕድሜ 21 መሙላት አለበት፣ መታወቂያ ያዙ።

ቡርቦን ላይ የሚሸጡት ቀያይና አረንጓዴ መጠጦች ስኳራቸው አልኮላቸውን ይደብቃል። ሀሪኬን የሚባለውን ሁለት የጠጣ ሰው ሦስተኛውን ሲያዝ እግሩ የሱ አይደለም። መጠጥ የምትወዱ ከሆነ አንድ ሳዘራክ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ። የራይ ውስኪ፣ የፔይሾ መራራ ቅመምና የአብሲንት ጠረን አለው፣ በረዶ አይገባበትም። የሉዊዚያና ምክር ቤት በ2008 የኒው ኦርሊንስ መጠጥ ብሎ አውጆታል።

ሙዚቃ ለማዳመጥ ፍሬንችመን ጎዳና ይሻላል። ልጆች ወይም የማይጠጣ ሰው ካለ ግን ፕሪዘርቬሽን ሆል ሂዱ፤ ከ1961 ጀምሮ ያለ ጠባብ አዳራሽ ነው፣ መጠጥ አይሸጥበትም፣ አንዱ ዝግጅት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።

በሙቀት ወራት ስኖቦል ብሉ። እንደ ዱቄት የላመ በረዶ ላይ ሽሮፕ ይፈስበታል። ሀንሰንስ የሚባለው ቤት ከ1939 ጀምሮ የሽሮፑን ጣዕም ራሱ ያዘጋጃል። «ክሪም» የሚል ስም ያለውን ከተዋችሁና የተጨመቀ ወተት አታፍሱበት ካላችሁ የጾም ይሆናል።

አሥረኛ፦ ጾም ሲሆን፣ እንጀራም ሲናፍቅ

ባዩ ሮድ ላይ አዲስ ኖላ የሚባል የኛ ምግብ ቤት አለ፤ የጾም በያይነቱ ይገኛል። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ሆዳችሁ ቅባቱን እምቢ ሲል ሂዱ።

ሌላው የጾመኛ መጠጊያ ቬትናሞቹ ናቸው። ከ1975 በኋላ የመጡ ብዙ ቬትናማውያን ኒው ኦርሊንስ ኢስት ሰፍረዋል። ቼፍ ማንቱር አውራ ጎዳና ላይ ያለው ዶንግ ፎንግ ዳቦ ቤት ከ1982 ጀምሮ ይጋግራል። በቶፉና በአትክልት የሚሞላ ሳንድዊች ጠይቁ፤ ማዮኔዙ እንቁላል፣ ፓቴውም አሳማ ስላለበት ሁለቱን አስወጡ። ኪንግ ኬካቸው ከተማው ሁሉ የሚሰለፍበት ነው።

ጉርሻ ከ18 እስከ 20 በመቶ ይሰጣል። ብዛት ካላችሁ አንዳንድ ቤት ሂሳቡ ላይ ራሱ ይጨምረዋልና ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ ደረሰኙን እዩ።

ስትመለሱ የቺኮሪ ቡና በቆርቆሮ፣ ፊሌ ዱቄትና ፕራሊን ግዙ። ፕራሊን ከስኳር፣ ከወተት ክሬምና ከፒካን የሚሠራ ከረሜላ ነው። ስድስት ሰዓት ፀሐይ ውስጥ ስለምትነዱ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ አታስቀምጡት፣ ከናንተ ጋር ወደፊት ያዙት።